ከ«ግርማዊ» እስከ ቅንፍ

የእኔ ዘመን ሰዎች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፤ በልጅነታችን የራዲዮ ዜና ከሰውየው ስም እስኪደርስ ድረስ ስንት አገር ያዳርስ ነበር? ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን እየነካኩ «ዐቢይ እንዲህ አለ፣ ትራምፕ እንዲያ አለ» ሲባባሉ እሰማና ሣቄ ያመልጠኛል። በእኛ ጊዜ ባለሥልጣን ባዶ ስሙን ይዞ ከራዲዮ አይወጣም ነበር። «ክቡር» ከፊት ይቀድማል፣ ማዕረጉ ይከተላል፣ ከዚያ ስሙ ከነአባቱ፣ በመጨረሻም ሹመቱ ይመጣል። «ክቡር ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትርና የጽሕፈት ሚኒስትር» ተብሎ እስኪያበቃ እናቴ አቦሉን ቀድታ፣ ለሁሉም አዳርሳ፣ ቦታዋ ላይ ትቀመጥ ነበር።

የጃንሆይማ ለብቻው ነው። አዋጅ ሲነበብ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብሎ ተነሥቶ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ብሎ እስኪያርፍ እኛ ልጆቹ ከአንባቢው ጋር እኩል እንወጣው ነበር። ግእዙን የፈታልን ሰው አልነበረም፤ ግን ምን ቸገረን! ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አንድም ሳልስት እወጣላችኋለሁ፤ እናንተም እንደምትወጡት አውቃለሁ። ከእኛ መካከል ቤቱ ሆኖ «አባባ ጃንሆይ» ያላላቸው ልጅ ይኖር ይሆን? ራዲዮው «ግርማዊነታቸው» ሲል እኛ «አባባ» እንላለን፤ ሁለቱም ትክክል ነበር።

የእኛ ቤቱ አባባ፣ አባቴ፣ ዓይናቸው ስለደከመ ማታ ማታ አዲስ ዘመንን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ጋዜጣው ቦታ እንዳይጣበብበት ማዕረጉን በነጥብ ያሳጥራል፤ «ደጃ.»፣ «ፊታ.»፣ «ቀኛ.» እያለ። እኔም እንደተጻፈው ቶሎ ቶሎ ላነብ ስል አባባ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሙኛል። «ሰውየው ማዕረጉን በአንድ ቀን አላገኘውም፤ ሙሉውን አንብቢለት!» እንደገና ተመልሼ «ክቡር ደጃዝማች» እላለሁ፤ አባባም ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ ነው ዜናው የሚቀጥለው። ጃንሆይ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የአምባሳደር የሹመት ደብዳቤ ተቀበሉ የምትል አጭር ዜና እኛ ቤት ረጅም ምሽት ትወስድ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ መሰላሉን ከታች እስከ ላይ አጠናሁት፤ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች እያለ እስከ ራስ ድረስ። በሠፈራችን ጨዋታ እርስ በርሳችን እንሿሿም ነበር። ሯጩ ልጅ ከፊት ስለሚቀድም ፊታውራሪ ይሆናል፤ ኳሷን ያመጣው ልጅ ያለ ክርክር ራስ ነው!

ከሁሉ የሚያስቀን ግን «ልጅ» የሚለው ማዕረግ ነበር። የካቲት 1966 ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ራዲዮው «ክቡር ልጅ እንዳልካቸው» ሲል ታናሽ ወንድሜ ከተኛበት ብድግ ብሎ «ልጅ ሆነው ነው የተሾሙት?» አለ። አባባ የመኳንንት ልጆች ማዕረግ መሆኑን ቢያስረዱትም አልሰማቸውም፤ ለእሱ የገባው ልጅ አገር ሊያስተዳድር መሆኑ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ልጅ ሚካኤል እምሩ ሲተኩማ «ልጅ በልጅ ተተካ!» ብሎ ግቢውን በሩጫ ዞረው። ያ ወንድሜ ዛሬ ሽበታም ሆኖ አሁንም ቤቴ ሲመጣ «ክቡር ልጅ» ብዬ ነው በር የምከፍትለት።

የውጭ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ እንዴት እንደሚጠሩት ማየት ነበር! ጥር 1957 የእንግሊዟ ንግሥት አዲስ አበባ ሲገቡ «ግርማዊት ንግሥት ኤልሣቤጥ ዳግማዊት» ተባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ፈረንሳዩ «ክቡር ጄኔራል ደ ጎል» ሆነው መጡ። ቲቶ «ክቡር ማርሻል» ሲባሉ አባባ «ማርሻል ከራስ ይበልጣል?» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አከራከሩ። ማዕረግ የሌለው ፈረንጅ እንኳን ባዶውን አይሄድም፤ አሜሪካዊው «ሚስተር»፣ ፈረንሳዩ «ሙሴ»፣ ጣሊያኑ «ሲኞር» ነው። ዓመታት አለፉና በ1971 መስከረም ለአብዮቱ በዓል ፊደል ካስትሮ መጡ። ምን ተባሉ? «ጓድ ፊደል»! ያው ራዲዮ፣ ያው ቦታው ላይ የተቀመጠው ራዲዮ፣ ከ«ግርማዊት» ወደ «ጓድ» ሲሸጋገር የለበሰው ዳንቴል እንኳን ከላዩ አልተነሣም ነበር።

እንግዲህ መካከሉን ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ጃንሆይ ከዙፋን ሲወርዱ «ግርማዊ» የሚለው ከራዲዮ ጠፋ፤ በመጋቢት የዘውዱ ሥርዓት ራሱ በአዋጅ ቀረ። እኛም ሁለተኛ መሰላል ማጥናት ጀመርን፤ ይኼኛው የወታደር ነው። ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም፣ ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ፣ ሻለቃ መንግሥቱ፣ ሻለቃ አጥናፉ። አሁን አስተማሪዋ እኔ፣ ተማሪው አባባ ሆንን። «ሻምበልና ሻለቃ የትኛው ይቀድማል?» ይሉኛል። እኔም በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳለሁ፤ እሳቸውም «እንግዲያው ሻለቃ ማለት ቀኛዝማች አካባቢ ነው» ብለው በራሳቸው ሚዛን ያስቀምጡታል። ልክ ይሁን አይሁን ግድ አልነበረንም፤ ጨዋታው ጣፋጭ ነበር።

ከዚያ «ጓድ» መጣ። እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ ነበርና የ«ጓድ»ን ዘመን በጣቶቼ ነው የማውቀው። ሰው ሁሉ እኩል ሆነ፣ ማዕረግ ቀረ ሲባል እኛ ታይፒስቶቹ «ተገላገልን፤ ዜናው ሊያጥርልን ነው» ብለን ተደስተን ነበር። ዜናው ግን ምኑም አላጠረ! የሊቀመንበር መንግሥቱ ዜና ሲመጣ የወታደራዊው መንግሥት ሊቀመንበርነት፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበርነት፣ የጦር ኃይሎች አዛዥነት፣ የፓርቲው አደራጅ ኮሚሽን ኢሠፓአኮ ሲቋቋም ደግሞ የሱ ሊቀመንበርነት ተደርድሮ ይቀድማል። በጠባቧ የጋዜጣ ዓምድ ውስጥ ስሙን ለማግኘት በርካታ መስመር መውረድ ያስፈልጋል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሙሉ ዝርዝር ዓይኗን ጨፍና ትመታው ነበር፤ እኛም ሥራችንን አቁመን በዙሪያዋ ቆመን እናያታለን። ስሙ ላይ ስትደርስ የታይፑ ደወል «ቅጭል» ይላል፤ ሁላችንም እናጨበጭባለን።

ዝርዝሩ ደግሞ ባለበት አይቆይም። በ1977 መስከረም የሠራተኞች ፓርቲው ኢሠፓ ሲመሠረት «ዋና ጸሐፊ» ተጨመረ፤ በ1980 ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ (ኢሕድሪ) ሲታወጅ «ፕሬዚዳንት» መጣ። አዲሱ አጠራር በወረቀት ተጽፎ ከታይፑ በላይ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ አሮጌው ወረቀት ከሥሩ እንዳለ ነው። እኔ እስክለቅ ድረስ እዚያ ግድግዳ ላይ ወረቀት በወረቀት ተደራርቦ የአገሪቱ ታሪክ ተለጥፎ ነበር ብል አልተሳሳትኩም። ከሊቀመንበሩ ዝቅ ብሎ ደግሞ «የፖሊት ቢሮ አባል»ና «ተለዋጭ የፖሊት ቢሮ አባል» አለ። «ተለዋጭ» የምትለዋን ቃል መዝለል ትልቅ ነገር ነበርና ሦስት ሰው ያርመዋል። «እኛም ጸሐፊ፣ እሳቸውም ዋና ጸሐፊ!» ብለን እርስ በርስ ጆሮ ለጆሮ ስንሣሣቅ የዋልንበትን ቀን እናንተ የዚያ ክፍል ልጆች አትረሱትም።

ቀበሌ ውስጥ ነበር የ«ጓድ» ትልቁ ደስታ። የእኛ ቀበሌ ሊቀመንበር እናቴ በሕፃንነቱ ስንት ጊዜ ያጠበችው የጎረቤት ልጅ ነበር። ስብሰባ ላይ እጇን ታወጣለች፣ ተራው ይደርሳታል፣ ትቆማለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የኔ ልጅ…» ብላ ትጀምራለች። አዳራሹ በሣቅ ይሞላል፤ ጓድ ሊቀመንበርም አንገቱን ደፍቶ «እሺ እትዬ» ይላል። እናቴ ሕጉንም ጠብቃለች፣ ልጇንም አልተወችም።

ግንቦት 1983 ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ! የአገር መሪ «አቶ» ተባለ። «አቶ መለስ ዜናዊ»፣ «አቶ ታምራት ላይኔ»። አባባ በዚያን ጊዜ በጣም አርጅተው ነበር፤ ዜናውን ሰምተው ዝም አሉና «አቶ? እንደኔው አቶ?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ እንደ እርስዎ» ስላቸው ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አቶ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያች ማታ ከመንግሥት መሪ ጋር በአንድ መደብ ተቀመጡ። እኔ በበኩሌ «አቶ»ን እወዳታለሁ። ከታይፒስት አንጻር ደግሞ ሁለት ፊደል ብቻ ናት! አንዳንድ እኩዮቼ «ክብሩ ቀነሰ» ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልተስማማሁም። የጎረቤቴን አባት የማከብርበት ቃል ለጠቅላይ ሚኒስትር ሲበቃ የከበረው ጎረቤቴ ነው።

የፕሬስ አዋጁ በ1985 ወጥቶ የግል ጋዜጦች ሲፈሉ ደግሞ «አቶ»ም ከርዕሱ ላይ ረገፈች። አንዱ ጋዜጣ በትልቅ ፊደል «መለስ» ብሎ ብቻውን ሲያወጣው፣ በልጅነቷ «ክቡር»ን ሳታሟላ ዜና ማንበብ የተከለከለች ሴት ምን እንደተሰማት ገምቱት! ጋዜጣውን ገዝቼ በደስታ ቤቴ ገባሁ። ሪፖርተር ጋዜጣ ደግሞ «ክቡር ሚኒስትር» የሚል ዓምድ ከፍቶልን ያንን የድሮውን አጠራር የሣቃችን ምንጭ አደረገው። ሚስታቸውም «ክቡር ሚኒስትር»፣ ሾፌራቸውም «ክቡር ሚኒስትር»! እኔ ከጋዜጣው ቀድሜ የማነበው እሱን ነበር፤ ከእኔ የሚቀማኝ ባለቤቴ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የሚያስደስቱ ልዩ ልዩ አጠራሮች ነበሩን። በ1994 ርእሰ ብሔር የሆኑት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ «ፕሬዚዳንት መቶ አለቃ ግርማ» ሲባሉ ትዝ ይላችኋል? በወጣትነታቸው ያገኙትን ማዕረግ ሳይጥሉ እስከ ቤተ መንግሥት ይዘውት ገቡ፤ ጄኔራሎቹ ቆመው ለመቶ አለቃ ሰላምታ ሲሰጡ እያየሁ እጄን አጨበጭብ ነበር። ከባለሥልጣን ወጣ ብል ይቅር በሉኝና፣ ከሠዓሊያችን ከአፈወርቅ ተክሌ የሚበልጥ አጠራር በቴሌቪዥን ሰምቼ አላውቅም፤ «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ»! አንዱንም ሳይዘሉ የሚያነቡትን ጋዜጠኞች አመሰግናለሁ። ከቤተ ክርስቲያን በኩልማ «ብፁዕ ወቅዱስ» ብሎ ተነሥቶ «ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» ላይ የሚያርፈው የፓትርያርኩ አጠራር ንጉሥም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም መጥተው ሲሄዱ ንቅንቅ አላለም። እሱ በቴሌቪዥን ሲነበብ ስፌቴን አስቀምጬ ነው የምሰማው።

የሴቶቹንስ ነገር እንዴት ልተወው! በልጅነታችን በምክር ቤት ዜና «ክቡር» እንጂ «ክብርት» የምትሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በምርጫ ፓርላማ ሲገቡ እናቴ ስማቸውን ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። አሁን ሂዱና ዜናውን ስሙ! ጥቅምት 2011 ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያው ሰሞን መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ ቀጥሎም ብርቱካን ሚደቅሳ ምርጫ ቦርድን ያዙ። «ክብርት ፕሬዚዳንት» የሚለውን ጋዜጠኛው ምላሱ እስኪለምደው «ክቡር» እያለ ሲመለስ፣ ራሱን ሲያርም፣ እኔ ቤቴ ሆኜ «ክብርት በል፣ ክብርት!» እያልኩ አብሬው እጮህ ነበር። በሳምንቱ ለምዶት አገኘሁት። አሁን «ክብርት ከንቲባ»ም፣ «የተከበሩ ወይዘሮ»ም በየቀኑ ነው፤ የልጅ ልጄ ምኑ እንዳስደነቀኝ ሊገባት አልቻለም፣ እንዳይገባትም እወዳለሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶቼ ደግሞ የራሳችሁ ሣቅ አላችሁ። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ «ዛሬ ፈረንጆቹ ሚስተር ዜናዊ አሉ!» ብላ ስትስቅ ትዝ ይለኛል። አባትየውን ነው እኮ የጠሩት! ንጉሡንም «ሥላሴ» እያሉ በግማሽ ስማቸው ሲጽፉ ኖረዋል። እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጠራለን፣ እነሱ በቤተሰቡ፤ አገሩ እንዳደረገው ነው። እሷ ግን እስከ ዛሬ ፈረንጅ ጎረቤቷ በአባቷ ስም ሲጠራት «አቤት» ከማለቷ በፊት አባቷ የመጡ መስሏት ዞር ትላለች።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ፤ ቅንፉን አያችሁልኝ? ይኼ የሰሞኑ ፋሽን ደስ ብሎኛል። ማዕረግ ዕድሜውን ሙሉ ከስም ፊት ሲሄድ ኖሮ ድንገት ወደ ኋላ ዞረና ቅንፍ ውስጥ ገባ! «ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ (ዶ/ር)»፣ «ታከለ ኡማ (ኢ/ር)»። ድሮ ማዕረጉ ቀድሞ መንገድ እየጠረገ ስሙ ይከተል ነበር፤ ዛሬ ስሙ ይቀድማል፣ ማዕረጉ ጓዙን ይዞ ከኋላ ይመጣል። ድምፅ አውጥቼ ሳነበው ትንሽ ቆም እላለሁ፤ ቅንፍ በአፍ እንዴት ይነበባል? አባባ ቢኖሩ «ሙሉውን አንብቢለት» ይሉኝ ስለነበር እኔም ሙሉውን አነባለሁ፤ «ዶክተር» ብዬ። ደግሞ አይገርማችሁም፣ በልጅነታችን ከጃንሆይ ጋር የምናውቀው «ፊልድ ማርሻል» በ2014 ተመልሶ መጣ! «ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላ» ሲባል የሰማሁ ቀን ለወንድሜ ደወልኩለት፤ የድሮ ጓደኛ ከባሕር ማዶ የተመለሰ ያህል ነበር ወሬያችን።

በኤፍ ኤም ራዲዮዎቹ ደግሞ አዘጋጁ እንግዳውን «አንተ ልበልህ ወይስ አንቱ?» ብሎ ያስፈቅዳል። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! ባለሥልጣኑም «አንተ በለኝ» ይልና ጨዋታው ይደራል። እኔ ግን ጆሮዬን የምጥለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ደርሶ ዜና ሲነበብ ያው ሰውዬ «አስታወቁ»፣ «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ» ተብሎ አንቱ ይሆናል። ይኼን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? «ግርማዊ» ሄደ፣ «ጓድ» ሄደ፣ «አቶ» ከርዕስ ላይ ረገፈች፤ «አስታወቁ» ግን አንድ ቀን እንኳን ሥራ አልፈታችም። «ጓድ ሊቀመንበር» ከሁሉም እኩል ናቸው በተባለበት ዘመንም «መርቀው ከፈቱ» እንጂ «መርቆ ከፈተ» ብዬ አንድም ቀን አልመታሁም። ትምህርት ቤቱን ጃንሆይ መርቀው ከፈቱት፣ ፋብሪካውን ሊቀመንበሩ መርቀው ከፈቱት፣ ግድቡን ጠቅላይ ሚኒስትሩ መርቀው ከፈቱት! ሪባኑን የሚቆርጠው ሰው ይለዋወጣል፤ አረፍተ ነገሩ ያው ነው። የሚያኮራኝም ይኼ ነው፤ እኛ አገር ሰው የሚከበረው ከስሙ ፊት በሚለጠፈው ብቻ አይደለም፣ በግሱ መጨረሻም ነው።

የልጅ ልጄ ጋዜጠኛ ሆናለች፤ ሰሞኑን ለአንድ ቃለ መጠይቅ እየተዘጋጀች ነው። እንግዳው አዲስ የተሾመ የቢሮ ኃላፊ ነው፤ አብሯት ያደገ፣ አብሯት ከረሜላ የተካፈለ፣ በቁልምጫ የምትጠራው ልጅ። «እማማ፣ በካሜራ ፊት ክቡር ልበለው?» ብላ ስትጠይቀኝ የሣቅሁትን ሣቅ ጎረቤቶቼ ሰምተውኛል። «በይው እንጂ! የቅድመ አያትሽን አታውቂም እንዴ?» ብዬ የቀበሌውን ታሪክ ነገርኳት። አሁን ሁለቱም ተጨንቀዋል አሉ፤ እሱም «ክቡር» ስትለኝ መሣቄ አይቀርም ብሎ ፈርቷል። ረቡዕ ማታ ይተላለፋል፤ ወንድሜን ጠርቼዋለሁ፣ ቡናው ይፈላል፤ ማንኛቸው ቀድሞ እንደሚሥቅ ከአሁኑ ተወራርደናል።